«ሲ++» ብለው ሲፈልጉ ሰርቨሩ ጋ «ሲ» ብቻ ይደርሳል፤ ዩአርኤሉን የት ላይ ነው የማበላሸው?

ሰሌዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ላይ ተቀምጬ መፍትሔ አጣሁና እዚህ መጣሁ።

የምሠራው የመጻሕፍት ካታሎግ አፕ ነው፤ አንድሮይድ፣ በኮትሊን፣ ኔትወርኩ ኦኬኤችቲቲፒ በሚባለው ላይብረሪ። ተጠቃሚው መፈለጊያው ሳጥን ላይ ይጽፋል፣ አፑ ቃሉን ለሰርቨሩ ይልካል፣ ውጤቱ ሃያ ሃያ እየሆነ ይመጣል። ወደ ታች ሲያንሸራትት ቀጣዩ ገጽ ይጠራል። ዩአርኤሉን የምሠራው እንዲህ ነው፤ የአድራሻውንና የፓራሜትሮቹን ስም ቀይሬዋለሁ፦

ቫል ዩአርኤል = "ኤችቲቲፒኤስ://ኤፒአይ.ምሳሌ/ፍለጋ?ቃል=" + ቃሉ + "&ገጽ=" + ገጹ

ለወራት ምንም አላየሁበትም። ስሞክረው የቆየሁት እንደ «ሰላም» እና «የልጆች ተረት» ባሉ ቃላት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ተጠቃሚ «ሲ++ ብዬ ስፈልግ ስለ ሲ የተጻፉት ብቻ ይመጡብኛል» ብሎ ጻፈልኝ። የሰርቨሩን ሎግ ከጎን ከፍቼ የማይመቹ ቃላትን አንድ በአንድ ሞከርኩ።

«ሲ++» ስጽፍ ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው «ሲ» እና ሁለት ባዶ ቦታ ነው። «ጥያቄ & መልስ» ስጽፍ «ጥያቄ» ላይ ይቆረጥና «መልስ» የሚባል ዋጋ የሌለው ፓራሜትር ለብቻው ይመጣል። «100% ትክክል» ስል ሰርቨሩ 400 (ጥያቄው የተበላሸ ነው የሚል የስህተት ኮድ) ይመልሳል። ከሁሉም ግራ የገባኝ «ሲ#» ነው። ውጤት ያመጣል፤ ወደ ታች ሳንሸራትት ግን ያው የመጀመሪያው ሃያ መጽሐፍ ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ማለቂያ የለውም።

እኔ ያስቸግራል ብዬ የፈራሁት አማርኛውን ነበር። አማርኛው ከነባዶ ቦታው በሰላም እየደረሰ እነዚህ አራት ምልክቶች ላይ የሚወድቅበት ምክንያት አልገባኝም። አሁን በእጄ ሪፕሌስ እያደረግሁ & ን ወደ %26፣ # ን ወደ %23 መቀየር ጀምሬያለሁ፤ ልቤ ግን አልረጋም። ትክክለኛው መንገድ የቱ ነው?

ፈጣን_መልስ፦

ልዩ ምልክቶችን ወደ % ኮድ የሚቀይር (ኢንኮድ የሚያደርግ) የጃቫ «ዩአርኤል ኢንኮደር» አለልሽ። ከመላክሽ በፊት ስትሪንጉን በእሱ አሳልፊው፤ ያልቃል።

ሰሌዳ፦

አመሰግናለሁ፣ ሞከርኩት። ሙሉውን ዩአርኤል ስሰጠው ሁለት ነጥቡም ስላሹም ጥያቄ ምልክቱም ተቀየሩ፤ ኦኬኤችቲቲፒ «ስኪም (መነሻው ላይ ያለው ኤችቲቲፒኤስ) የለውም» ብሎ ኤክሴፕሽን ወረወረና አፑ ተዘጋ። ከዚያ ቃሉን ብቻ ሰጠሁት፤ ሲ++ ሠራ። ደስ ብሎኝ ይኸንኑ የመጽሐፉን ርዕስ ፓዝ (ዩአርኤሉ ውስጥ ከ? በፊት ያለው የመንገድ ክፍል) ውስጥ የማስገባበት ቦታ ላይም አደረግሁት። እዚያ ግን ሰርቨሩ «የልጆች+ተረት የሚባል መጽሐፍ የለም» አለኝ። ባዶ ቦታው + ሆኗል። አንዱ ጋ ሠርቶ ሌላው ጋ የማይሠራው ለምንድን ነው?

አሮጌ_ቁልፍ፦

እህቴ፣ ሎጉን ከፍተሽ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ማየትሽ ግማሹን ሥራ ጨርሶልሻል። ብዙ ሰው «አንዳንዴ አይሠራም» ብሎ ነው የሚመጣው። ሪፕሌሱን ግን ዛሬውኑ አጥፊው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አማርኛው ለምን እንዳልተቸገረ ልጀምር። በ2005 የወጣው የዩአርኤል አጻጻፍ ደንብ፣ አርኤፍሲ 3986፣ ዩአርኤል ውስጥ የትም ቢቀመጡ ትርጉም የማይቀይሩ ብሎ የለያቸው 66 ምልክቶችን ብቻ ነው፦ የላቲን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት፣ አሥሩ አኃዞች፣ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ የታች መስመርና ቲልዴ። ሌሎች 18 ምልክቶች ደግሞ የመለያየት ሥራ ሊሰጣቸው የሚችል ናቸው፤ & + # ? / = : @ እና ጓደኞቻቸው። የእኛ ፊደል ከሁለቱም ውጭ ነው። ስለዚህ ላይብረሪው «ሰ» ን ሲያገኝ የሚያመነታበት ነገር የለም። «ሰ» መለያ ምልክት ልትሆን አትችልም፣ ዳታ ናት። በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ያደርጋታል፤ 225፣ 136፣ 176። ከዚያ እያንዳንዱን ባይት በ% እና በሁለት የሄክስ (በ16 መሠረት የሚቆጠር አኃዝ) ምልክት ይጽፈዋል። ባዶ ቦታም እንዲሁ %20 ይሆናል። አንቺ ያልሠራሽውን ኦኬኤችቲቲፒ ሲሠራልሽ ቆይቷል። ያዘናጋሽም «ሰላም» መሥራቱ ነው።

& ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ላይብረሪው እጅ የሚገባው ያለቀለት አንድ ስትሪንግ ነው። በውስጡ ሁለት & አሉ፤ አንዱን ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ ፓራሜትር ለመለየት። ሌላውን የጻፈው ተጠቃሚሽ ነው፣ የርዕሱ አካል አድርጎ። የትኛው የቱ እንደሆነ ላይብረሪው ከየት ያምጣው? ልዩነቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የምታውቂውም ቁርጥራጮቹን ከማጣበቅሽ በፊት ባለችው ቅጽበት ነው። ከተጣበቀ በኋላ የፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም። «ሙሉውን ዩአርኤል የሚያጸዳልኝ ፈንክሽን አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ለዚህ ነው። ሁሉንም የሚቀይረው ሁለት ነጥቡንና ስላሹን ያጠፋብሻል፤ አይተሽዋል። መለያዎቹን የሚተወው ደግሞ የተጠቃሚውን & አብሮ ያሳልፈዋል።

«ሲ#» ላይ ያየሽው ዑደት ከዚህ ነው የሚመጣው። ከ# በኋላ ያለው ፍራግመንት ይባላል፤ ስልኩ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ሰርቨር አይላክም። አንቺ ጋ ከ# በኋላ ያለው «&ገጽ=2» ነው። ሰርቨሩ የገጽ ቁጥር ስላልደረሰው ሁልጊዜ አንደኛውን ገጽ ይሰጥሻል። «ሲ» ብሎ እየፈለገ እንደሆነም ልብ በይ። ስህተት የሚባል ነገር አላየሽም፣ 200 (ተሳክቷል) ነው የሚመልሰው። እንዲህ ያለው ነው እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ። 400 ቢመልስ ኖሮ በማግስቱ ታገኚው ነበር።

አሁን ስለ + ። ባዶ ቦታን በ+ መጻፍ የመጣው ከኤችቲኤምኤል ፎርም ነው፤ የፎርም ዳታ የራሱ አጻጻፍ አለው፣ ብዙ ሰርቨሮችም ከ? በኋላ ያለውን የሚያነቡት በዚያው ደንብ ነው። ከ? በፊት፣ ማለትም ፓዙ ውስጥ፣ + ማለት + ብቻ ነው። የጃቫው «ዩአርኤል ኢንኮደር» ስሙ ያሳስታል እንጂ የሚሠራው የፎርም ኢንኮዲንግ ነው። ፍለጋሽ ላይ የሠራው፣ ርዕሱ ላይ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው። ፓዝ ውስጥ ባዶ ቦታ %20 ነው መሆን ያለበት። %20 ግን ፎርም በሚያነበውም በማያነበውም ዘንድ ባዶ ቦታ ስለሆነ እኔ ሁለቱም ጋ እሱን ነው የምጠቀመው።

ኮዱን እንዲህ ጻፊው፤ የክላስና የፈንክሽን ስሞቹን በግዕዝ አድርጌያቸዋለሁ፣ ታውቂያቸዋለሽ፦

ቫል ዩአርኤል = መነሻ.ቱኤችቲቲፒዩአርኤል().ኒውቢልደር()
  .አድፓዝሴግመንት("ፍለጋ")
  .አድኩዌሪፓራሜተር("ቃል", ቃሉ)
  .አድኩዌሪፓራሜተር("ገጽ", ገጹ.ቱስትሪንግ())
  .ቢልድ()

እዚህ ላይ ቃሉ ተጠቃሚው እንደጻፈው ነው የሚገባው፣ ጥሬውን። ምንም አትንኪው። «አድ ኩዌሪ ፓራሜተር» & ን %26፣ # ን %23፣ % ን %25፣ + ን %2ቢ ያደርጋቸዋል። ኦኬኤችቲቲፒ በማይኖርበት ቦታ የአንድሮይዱ «ዩአርአይ ቢልደር» ተመሳሳይ ነው፤ «አፔንድ ፓዝ» እና «አፔንድ ኩዌሪ ፓራሜተር» አሉት።

አንድ ነገር አስተውዪ። «ኢንኮድድ» የሚል ቃል ስማቸው ውስጥ ያላቸው መንትዮች አሉ፤ «አድ ኢንኮድድ ኩዌሪ ፓራሜተር»፣ «አፔንድ ኢንኮድድ ፓዝ»። እነሱ «ይህ ቀድሞ ኢንኮድ ተደርጓል» ብለው ያምኑሻል። ጥሬ ነገር ከሰጠሻቸው ወደ ድሮው ችግርሽ ተመለስሽ ማለት ነው። በተቃራኒው «ዩአርአይ ቢልደር» ላይ «ኦቶሪቲ» የሚለውን ሆስትና ፖርት አንድ ላይ አድርገሽ ብትሰጪው በመካከላቸው ያለውን ሁለት ነጥብ ኢንኮድ ያደርገዋል። ለሙከራ ሰርቨር ፖርት ስታስገቢ ይህ ነው የሚጠብቅሽ፤ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ «ኢንኮድድ ኦቶሪቲ» ትክክለኛው ነው።

ፓዙ ላይም «አድ ፓዝ ሴግመንት» እና «አድ ፓዝ ሴግመንትስ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመደርደሪያ ኮድሽ «ሀ/12» ቢሆን ነጠላው ስላሹን %2ኤፍ አድርጎ አንድ ቁራጭ ያደርገዋል፤ የብዙው ሁለት ቁራጭ አድርጎ ይከፍለዋል። በአንዲት ፊደል ልዩነት የተለየ ዩአርኤል ነው የምታገኚው።

ሪፕሌሱን አጥፊ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ነገ «አድ ኩዌሪ ፓራሜተር» ን ስትጠቀሚና ያ ሪፕሌስ የሆነ ፋይል ውስጥ ተረስቶ ቢቀር %26 የነበረው %2526 ይሆናል። እኔ ይህን በራሴ ኮድ አይቻለሁ። አንድ የረዳት ፈንክሽን ጽፌ ነበር፣ ቃሉን ኢንኮድ አድርጎ የሚመልስ። ከወራት በኋላ ኔትወርኩን ሬትሮፊት ወደሚባለው ላይብረሪ ቀየርን። ሬትሮፊት «ኩዌሪ» የተባለውን ራሱ ኢንኮድ ያደርጋል፤ የእኔ ፈንክሽን ግን እዚያው ቀርቷል። አንዲት የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ናትና አንዴ ኢንኮድ ስትደረግ 9 ምልክት ትሆናለች፤ ሁለቴ ስትደረግ 15። ሰርቨሩ አንዴ ፈትቶ በ% የተሞላ ጽሑፍ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ችግሩ የታወቀው ዳታው ተከማችቶ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው «ለመጠገን» ብሎ ሰርቨሩ ላይ ሁለቴ እንዲፈታ አደረገ። በዚህ ጊዜ ርዕሳቸው ውስጥ እውነተኛ % ያላቸው መበላሸት ጀመሩ። ያንን ዳታ ለማጽዳት የፈጀብኝን ሌሊት አልረሳውም። ስለዚህ ሎግ ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው %25 ን ነው። %2520 ወይም %25ኢ1 ካየሁ አንድ ቦታ ላይ ሁለት እጆች አንድ ሥራ እየሠሩ ነው።

ሰሌዳ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የ# ን ነገር ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ለካ ገጹ ነው ስልኩ ላይ የቀረው! አስተካከልኩት፤ አራቱም ምልክቶች በትክክል ደረሱ። የረዳት ፈንክሽኖቼንም ፈልጌ ሁለት ቦታ ላይ የተረሳ ሪፕሌስ አገኘሁ፣ እንደነገሩኝ።

ይህን ለባልደረባዬ ነገርኩት። እሱ የዚሁኑ አፕ የአይኦኤስ ቅጂ ነው የሚሠራው። «እኔ ቀድሞውንም ዩአርኤል ኮምፖነንትስ ነው የምጠቀመው፣ እኔ ጋ ችግር የለም» አለኝ። ሞከርነው። & እና # ይሠራሉ። «ሲ++» ግን አሁንም ሁለት ባዶ ቦታ ሆኖ ይደርሳል። ቁርጥራጮቹን ለየብቻ ሰጥቶት ሳለ ለምን?

ስዊፍተኛ፦

ባልደረባሽ አላጠፋም። «ዩአርኤል ኮምፖነንትስ» አርኤፍሲ 3986 ን ቃል በቃል ነው የሚከተለው፤ በዚያ ደንብ + ኩዌሪ (ከ? በኋላ ያለው ክፍል) ውስጥ እንዳለ መቀመጥ ይፈቀድለታል። ስለዚህ አይነካውም። ሰርቨሩ ደግሞ በፎርም ደንብ ያነበውና ባዶ ቦታ ያደርገዋል። ሁለቱም በየራሳቸው ደንብ ልክ ናቸው፤ የተለያየ ደንብ መያዛቸው ነው ችግሩ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። «ኩዌሪ አይተምስ» ን ከሞላ በኋላ «ፐርሰንት ኢንኮድድ ኩዌሪ» የሚለውን አውጥቶ በውስጡ ያለውን + ሁሉ በ%2ቢ ይተካና መልሶ ያስገባው። እዚህ ላይ ሪፕሌስ አደገኛ አይደለም፤ ባዶ ቦታዎቹ በዚያ ደረጃ %20 ሆነዋል፣ ስለዚህ የቀረው + ሁሉ እውነተኛ + ነው። በየቦታው ሳይበትነው አንድ ኤክስቴንሽን ውስጥ ያድርገው።

«ዩአርኤል ኩዌሪ አላውድ» የሚባለውን የምልክት ስብስብ ይዞ ዋጋዎችን ኢንኮድ የሚያደርግበት ቦታ ካለም ይፈልግ። ያ ስብስብ ለሙሉ ኩዌሪ የተሰናዳ እንጂ ለአንድ ዋጋ አይደለም፤ & እና = ን የተፈቀዱ አድርጎ ያልፋቸዋል። ስሙን አይቶ «ለኩዌሪ ነው» ብሎ የማይሳሳት የለም።

ሌላም አለ። ከአይኦኤስ 17 በፊት «ዩአርኤል(ስትሪንግ፦)» ባዶ ቦታ ወይም አማርኛ ሲያገኝ ኒል (ምንም) ይመልስ ነበር። ከ17 ጀምሮ በአዲሱ ኤስዲኬ ለተሠሩ አፖች የማይፈቀዱትን ራሱ ኢንኮድ ያደርጋል። አዲስ ስልክ ላይ የሚሠራው አሮጌው ላይ ዝም ብሎ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። ሙከራችሁን አሮጌ ስልክ ላይም አድርጉ።

አሮጌ_ቁልፍ፦

ስዊፍተኛ ያለው + ላይ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ከ«ሲ++» የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው የሚጽፈው ነገር አይደለም።

የፋይል ማውረጃ ሊንኮችን በፊርማ እንጠብቅ ነበር። ፊርማው 32 ባይት ነው፣ በቤዝ64 (ባይቶችን በሚታዩ ምልክቶች የመጻፊያ ዘዴ) ተጽፎ 44 ምልክት ሆኖ ዩአርኤሉ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል። ቤዝ64 ከሚጠቀምባቸው 64 ምልክቶች አንዱ + ነው። + ያለበት ፊርማ ሰርቨሩ ጋ ባዶ ቦታ ይዞ ይደርስና «ፊርማው ትክክል አይደለም» ይባላል። አስሉት፦ እንዲህ ያለ ፊርማ ውስጥ አንድም + ያለመኖሩ ዕድል ወደ ግማሽ ይጠጋል። ግማሹ ሊንክ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። ፊርማው ውስጥ ሰዓት ስላለበት ተጠቃሚው ቁልፉን ደግሞ ሲጫን አዲስ ፊርማ ይወጣና ይሠራለታል። እኛ የደረሰን አቤቱታ «አንዳንዴ ሁለት ጊዜ መጫን ያስፈልጋል» የሚል ብቻ ነበር። ኔትወርኩ ነው ብዬ ደጋግሞ የሚሞክር ኮድ ጨመርኩ። ቅሬታው ቀነሰ። እውነተኛው ምክንያት ግን ከሥር ተቀበረ፤ ከሳምንታት በኋላ የወደቁትን ፊርማዎች በአንድ ዓምድ ደርድሬ ሳያቸው ነው ሁሉም ውስጥ ባዶ ቦታ ያገኘሁት።

ያንን ዓይነት ነገር ዩአርኤል ውስጥ የምታስገቡ ከሆነ አርኤፍሲ 4648 ላይ ያለውን ለዩአርኤል የተሰናዳውን ቤዝ64 ተጠቀሙ፤ በ+ እና በ/ ፈንታ ሰረዝና የታች መስመር ነው ያለው። የሰዓት ሰቅን «+03:00» ብለው የሚልኩም፣ የስልክ ቁጥርን ከነአገር ኮዱ የሚልኩም ይኸው + ነው የሚጠፋባቸው።

ሎግ_አንባቢ፦

ከሰርቨር ወገን ልናገር። ጋሼ እንዳለው አንዲት የአማርኛ ፊደል 9 ምልክት ነው የምትሆነው። አንድ አፕ የአስተያየት ቅጹን በጌት፣ ማለትም ጽሑፉን ዩአርኤሉ ውስጥ አስገብቶ፣ ይልክ ነበር፤ በላቲን ፊደል የሚጽፉት ሁሉ ይሳካላቸዋል፣ በአማርኛ ረዘም አድርገው የሚጽፉት 414 (ዩአርኤሉ በጣም ረዝሟል) ይመጣባቸዋል። አርኤፍሲ 9110 ሰርቨሮች ቢያንስ 8000 ባይት የሚደርስ ዩአርኤል እንዲቀበሉ ይመክራል። 900 የአማርኛ ፊደል ብቻ 8100 ይሆናል። ብዙ ቦታ ገደቡ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ረዥም ጽሑፍ በፖስት ይሂድ።

%2ኤፍ ን በተመለከተ፦ አድ ፓዝ ሴግመንት ስላሹን በትክክል ኢንኮድ ቢያደርገውም ሰርቨሩ ላይቀበለው ይችላል። አፓቼ የሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ለምሳሌ ካልተነገረው በቀር ፓዝ ውስጥ %2ኤፍ ሲያይ 404 (አልተገኘም) ነው የሚመልሰው። አፑ ልክ ሆኖ ሳለ አፑ የሚወቀስበት ቦታ ነው።

ፍላተር_ጎረቤት፦

ዳርት (የፍላተር ቋንቋ) ላይ ላለ ሰው ሁለት ቃል። «ዩአርአይ.ኤችቲቲፒኤስ» ን ሆስቱን፣ ፓዙንና የፓራሜትሮቹን ማፕ ለየብቻ እየሰጣችሁ ተጠቀሙ። ማፑ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ስትሪንግ ይሁኑ፤ የገጹን ቁጥር ኢንት አድርጋችሁ ከሰጣችሁት ኮምፓይለሩ ሊያሳልፈውና አፑ ሲሮጥ ሊወድቅ ይችላል።

ዳርት ኩዌሪ ውስጥ ባዶ ቦታን በ+ ነው የሚጽፈው። ለሰርቨር ጥሪ ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም። ኢሜይል ለመክፈት የ«ሜይልቱ» ሊንክ ስትሠሩ ግን የኢሜይል አፑ + ን እንዳለ ያሳየዋል፤ ርዕሱ «ሰላም+ለእናንተ+ይሁን» ሆኖ ይከፈታል። እዚያ ቦታ ላይ እያንዳንዱን ዋጋ በ«ኢንኮድ ኮምፖነንት» አሳልፉና ኩዌሪውን ራሳችሁ አያይዙት።

ፈጣን_መልስ፦

የእኔን የመጀመሪያ መልስ አትከተሉ። ዛሬ የራሴን ኮድ ከፍቼ ፓዝ ውስጥ በዩአርኤል ኢንኮደር የማስገባባቸው አራት ቦታዎች አገኘሁ።

አሮጌ_ቁልፍ፦

ፈጣን፣ ተመልሰህ መጻፍህ ጥሩ ነው፤ ወደፊት ይህን ለሚያነብ ሰው ይጠቅመዋል።

ሰሌዳ፣ ከመሄድሽ በፊት አንድ ቴስት ጻፊ። እኔ በየፕሮጀክቱ ይዤው የምዞረው ይህ ነው፦

ሀ ለ+ሐ&መ=ሠ#ረ%ሰ/ሸ?ቀ

ይህን ስትሪንግ እንደ ቃል አስገቢው፣ ዩአርኤሉን ሥሪው፣ ከዚያ ዩአርኤሉን መልሰሽ ፍቺና ፓራሜትሩን አውጪው። የወጣው ከገባው ጋር አንድ ካልሆነ ቴስቱ ይውደቅ። እዚያው አፕ ውስጥ ብቻ አትቅሪ። ያው ላይብረሪ ሠርቶ ያው ላይብረሪ ሲፈታው ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስህተት ሊስማሙ ይችላሉ፤ የባልደረባሽ + በዚህ መንገድ አትያዝም ነበር። የሙከራ ሰርቨሩ የደረሰውን ቃል እንዳለ የሚመልስ አንድ መንገድ ይኑረው፣ ሁለቱም አፖች በዚያ ይፈተኑ። ስትሪንጉንም እንደ ፓዝ ቁራጭ አድርገሽ ሁለተኛ ጊዜ ሞክሪው።

ሰሌዳ፦

ቴስቱን ዛሬ ጠዋት ጻፍኩ። ፍለጋው በሁለቱም ስልኮች አለፈ፤ ባልደረባዬ የ+ ን መስመር ጨምሯል። ፓዙ ግን ወደቀ፤ ሎግ_አንባቢ እንዳለው «/» ላይ 404 ነው። የሰርቨሩን ቅንብር መንካት ስላልፈቀዱልኝ የመደርደሪያ ኮዱን ከፓዝ አውጥቼ ፓራሜትር አደረግሁት። አሁን ሁሉም አረንጓዴ ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ ምናልባት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። «ሠላም» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ሰላም» ተብለው የተመዘገቡትን አያገኝም። ኢንኮዲንጉ ላይ የማስተካክለው ነገር ይኖር ይሆን?

አሮጌ_ቁልፍ፦

የለም፣ እዚያ አትንኪው። «ሠ» በዩኒኮድ በሄክስ 1220 ናት፣ «ሰ» 1230። ባይቶቻቸው 225፣ 136፣ 160 እና 225፣ 136፣ 176 ናቸው። ዩአርኤሉ ሁለቱን ለይቶ ማድረሱ ልክ ነው፤ ተጠቃሚው የጻፈውን ነው ያደረሰው። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሠ እና ሰን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነእርባታቸው አንድ አድርጎ ማየት የፍለጋው ኢንዴክስ ሥራ ነው። ሰርቨሩ መጻሕፍቱን ሲመዘግብም፣ የደረሰውን ቃል ሲፈልግም በዚያው አንድ ሠንጠረዥ ያሳልፋቸው። አፑ ላይ ከቀየርሽው ተጠቃሚው ሳጥኑ ውስጥ የጻፈውና ሎግሽ ላይ የምታዪው ቃል ይለያያል፤ የሚቀጥለውን ባግ ስትፈልጊ የምትይዢው ነገር አይኖርሽም። ለኢንዴክሱ ሌላ ጥያቄ ክፈቺ፣ እዚያ እመጣለሁ።